«ማስረጃ አምጪ» ለተባሉት እናት፦ የጦርነት ተጎጂዎች ካሳ በአድማጮች ጥያቄና መልስ

በጦርነት ለተጎዱ ሰዎች መንግሥት ስለሚሰጠው ድጋፍና ካሳ ብዙ ስልክ ተደውሎልናል። አምስቱን ጥያቄዎች መርጠናል። መልስ የሚሰጡን በተጎጂዎች መብት ላይ ለዓመታት የሠሩ የሕግ ባለሙያ ናቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አንዲት እናት፦ ቤቴ ሲቃጠል መታወቂያዬም የቤቱ ካርታም አብረው ነደዱ። ካሳ ልጠይቅ ስሄድ «ማስረጃ አምጪ» ይሉኛል። ከየት ላምጣ?

እናቴ፣ በመጀመሪያ እግዜር ያጽናዎት። ወረቀቱን ያጠፋው ጦርነቱ ነው። ያንኑ ወረቀት መልሶ ከእርስዎ መጠየቅ በቁስል ላይ እንጨት መስደድ ነው።

አንድ ጊዜ አንድ መሥሪያ ቤት ኮሪደር ላይ ተራ እየጠበቅኩ ነበር። ከፊቴ የነበረች ሴት ከፌስታል ውስጥ የልጇን የክትባት ካርድ አወጣች። ግማሹ ተቃጥሏል። መስኮቱ ጋ ያለው ሠራተኛ አገላብጦ አየውና «ማኅተሙ አይታይም» ብሎ መለሰላት። የተቃጠለው ማኅተሙ ያለበት ጎን ነበር። ሠራተኛው ክፉ ሰው አልነበረም። ማኅተም የሌለው ወረቀት እንዲቀበል የሚፈቅድለት መመሪያ ግን አልነበረውም። ተቋም ማጠናከር ሲባል ሕንፃና መኪና ለሚመስላቸው ሰዎች ይህችን ሴት ነው የምነግራቸው።

በሌላ መንገድ መሥራት ይቻላል። ኮሎምቢያ በ2011 ባወጣችው የተጎጂዎች ሕግ መነሻው ቅን ልቦና ነው፤ ማለትም ተጎጂው እውነት እንደሚናገር ይታመናል። ተጎጂው ያለውን ቀለል ያለ ማስረጃ ያቀርባል፤ የማጣራቱ ሥራ የመሥሪያ ቤቱ ነው። በመሬት ጉዳይማ ሰውዬው በመሬቱ ላይ እንደነበረና በግጭቱ ተገዶ እንደለቀቀ በመጠኑ ካሳየ፣ የማስረዳቱ ሸክም ጥያቄውን ወደሚቃወመው ወገን ይዞራል። መረጃ እኮ ሌላም ቦታ አለ፦ የጤና ጣቢያ መዝገብ፣ የትምህርት ቤት ስም ዝርዝር፣ የግብር ሰነድ። ያንን መፈለግ ያለበት መንግሥት ነው።

እርስዎ አሁኑኑ የጎረቤት ምስክሮችን ስም ይያዙ፤ ፎቶም ካለ ያያይዙ። ማመልከቻዎን በጽሑፍ አስገብተው የተቀበሉበትን ቁጥርና ቀን ይውሰዱ። ከከለከሉዎት ደግሞ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጡዎት ይጠይቁ። በቃል ለተባለ «አይሆንም» ይግባኝ ማለት ከባድ ነው።

አንድ ወጣት፦ ወንድሜን ማን እንደገደለው አይታወቅም። ገዳዩ ሳይያዝ ካሳ አለ?

ሊኖር ይገባል፣ ወንድሜ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2005 ያጸደቃቸው መርሆች ይህንን በግልጽ ይላሉ፦ አጥፊው ባይታወቅም፣ ባይያዝም፣ ባይፈረድበትም ተጎጂው ተጎጂ ነው። ኃላፊነት ያለበት ወገን መክፈል ካልቻለ ወይም ካልፈለገ፣ መንግሥት የካሳ ፕሮግራም እንዲያቋቁም መርሆቹ ያሳስባሉ። ስለዚህ የካሳው ቢሮ የወንጀል ችሎቱን እየጠበቀ መቀመጥ የለበትም። ሁለቱ በየራሳቸው በር ይሂዱ።

አንድ አባት፦ እህልና ብርድ ልብስ ተሰጥቶናል። ይሄ ካሳ አይደለም?

አይደለም፣ አባቴ። እርዳታ የሚሰጠው ስለተቸገሩ ነው። ካሳ ግን ስለተበደሉ ነው፤ አብሮትም «ተበድላችኋል» የሚል እውቅና ይመጣል። አንዱ ሌላውን አይተካም።

በአካባቢ አስተዳደር የሚሠሩ ደዋይ፦ ተጎጂው ብዙ ነው፣ በጀቱ ትንሽ ነው። ለማን እናድርስ?

ይህ ጥያቄ ያስጨንቀኛል፤ ምክንያቱም እውነት ነው። ሴራሊዮን በ2008 ካሳ ስትጀምር የነበራት ከተባበሩት መንግሥታት የሰላም ግንባታ ፈንድ የተገኘ 3 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነው። የተመዘገቡት ተጎጂዎች ከ30 ሺህ በላይ ነበሩ። ብዙዎቹ በመጀመሪያ የደረሳቸው 100 ዶላር አካባቢ ነው። ኮሎምቢያም ከ9 ሚሊዮን በላይ ሰው መዝግባ አሁን ድረስ ከፍላ አልጨረሰችም። ሕጉ ለ10 ዓመት ነበር፤ እስከ 2031 ተራዝሟል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ገንዘቡ በየዓመቱ የሚለመን ሳይሆን በሕግ የተቆረጠ ይሁን። ኢራቅ ኩዌትን ከወረረች በኋላ በ1991 የተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት የካሳ ኮሚሽን የሚከፍለው ከኢራቅ የነዳጅ ገቢ ላይ ከሚቆረጥ ድርሻ ነበር። በ2022 ሲጨርስ 52.4 ቢሊዮን ዶላር ከፍሏል። ከሁሉ የምወድለት ግን ከትልልቅ ኩባንያዎች በፊት የተራ ሰዎችን ጥያቄ ማስቀደሙን ነው። ተገደው ለተሰደዱት ቁርጥ ያለ ሂሳብ አስቀምጦ ውጣ ውረዱን ቀነሰላቸው።

እናንተም ቅደም ተከተላችሁን በግልጽ ለጥፉ፦ አረጋውያን፣ በጠና የታመሙ፣ አካላቸው የጎደለ። ሰው ተራው መቼ እንደሚደርስ ካወቀ ይታገሣል። የሚያንገበግበው «ነገ ተመለስ» ነው።

ስሟ እንዳይጠቀስ የጠየቀች አድማጭ፦ የደረሰብኝ ነገር በአደባባይ የሚነገር አይደለም። ሰው በተሰለፈበት መስኮት ላይ ምን ብዬ ልመዝገብ?

እህቴ፣ እዚያ መስኮት ላይ መናገር የለብሽም። ኮሶቮ በጦርነቱ ወቅት ፆታዊ ጥቃት የደረሰባቸውን ከ2018 ጀምሮ የመዘገበችው በሚስጥር በሚሠራ ኮሚሽን ነው። ማመልከቻው ተጎጂዎቹ ቀድመው በሚያውቋቸው የሴቶች ድርጅቶች በኩልም ይገባ ነበር። የጸደቀላቸው በየወሩ ጡረታ ያገኛሉ።

አንቺም የምታምኚው የሕክምና ወይም የሴቶች ድጋፍ ማዕከል ካለ ከዚያ ጀምሪ። ጤናሽ ይቅደም። ቃልሽን አንዴ ብቻ እንዲቀበሉሽ ጠይቂ። በሩ የሚዘጋ ክፍል፣ ከፈለግሽም ሴት ባለሙያ የመጠየቅ መብት አለሽ። ፋይሉ ላይ በስምሽ ፈንታ ቁጥር እንዲጻፍም ንገሪያቸው። ዛሬ ዝግጁ ካልሆንሽ አትቸኩዪ። የምዝገባው የመጨረሻ ቀን መቼ እንደሆነ ብቻ ከአሁኑ አጣሪ።