ቀይ ቀበሮውና ግሩፑ፦ የውጭ ሰው ትችት ለምን ያንገበግበናል?

ሰላም ሰላም! ከደብረ ብርሃን ነው የምቀዳው። ድምፄ ከተንቀጠቀጠ ብርዱ ነው፣ ፍርሃት አይደለም።

የአገር ልጆች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንዱ «የበሬሳ ወንዝ ቆሽሿል» ብሎ ጻፈ እንበል። የከተማው ልጅ ከሆነ «እውነት ነው፣ ምን ይሻላል?» ይባላል። አዲስ አበቤ ከሆነስ? «ማን ላከህ? መጀመሪያ ቀበናህን አጽዳ!» ከዚያ ስክሪንሾት፣ ከዚያ ብሎክ። ወንዙ ግን ያው ወንዝ ነው።

አሁን ወደ መንዝ፣ ወደ ጓሳ እንውጣ። ይህን ምሳሌ ስለምወደው ታገሱኝ። ጭላዳ ዝንጀሮዎች በመቶዎች ሆነው ሣር ይግጣሉ። ውሻ ብቅ ካለ ሁሉም ወደ ገደሉ። በቃ፣ ገደል! ቀይ ቀበሮ ሲመጣስ? ዝም። ቀበሮው መሃላቸው ቀስ ብሎ ይሄዳል። አይሮጥም፣ አይቸኩልም፣ አይጡን ያድናል። ያውም እነሱ መሃል ሲሆን ይበልጥ ይቀናዋል። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ የጓሳ ጥናት፣ ብቻውን ሲያድን 25 በመቶ፣ ከጭላዳ ጋር ሲሆን 67 በመቶ ይሳካለታል ይላል። አንዱ ቀበሮ ግን የጭላዳ ግልገል አፈፍ አደረገ። ተረባርበው አስጣሉት፣ አባረሩት፣ ተመልሶ እንዳይጠጋም ከለከሉት። አዎ፣ ብሎክ! ግሩፑም እንደ ጭላዳው ነው፤ ከውጭ የመጣውን «ሊጎዳን ነው ወይስ አይደለም?» ብሎ ነው የሚያየው።

ሳይንሱ ቶሎ ይለቅ። ማቲው ሆርንሲ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ2002 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት አለ። አውስትራሊያውያን ስለ አገራቸው አንድ ዓይነት ትችት ሰሙ። ተናጋሪው የአገር ልጅ ሲሆን ዋጥ አደረጉት፣ የውጭ ሰው ሲሆን ተናደዱ። ለውጡ ያለው «ለእኛ አስቦ ነው ወይስ ሊያዋርደን?» የሚለው ግምት ላይ ነው። በኋላ በተሠራ ሙከራ አገሩ ውስጥ ብዙ የኖረ የውጭ ሰውም ከቁጣው አልተረፈም። ማወቁ አልበቃም፣ መቆርቆሩ ይታይ ነው ነገሩ። የማኅበራዊ ማንነቱን ጉዳይ፣ ማለትም ራሳችንን በቡድናችን በኩል የማየታችንን ነገር፣ ባለፈው ቪዲዮ አይተናል፣ ዘለልኩት። ያላያችሁ ሰብስክራይብ አድርጋችሁ ግቡ፣ በነፃ ነው!

ኮሜንት ላይ ግን ሁሌ አንድ ነገር ይመጣል። «እውነቱን ከነገርካቸው ጭራሽ ይብስባቸዋል!» ወገኖቼ፣ ረጋ በሉ። ወሬው ከሜዳ አልመጣም። ናይሃንና ራይፍለር የተባሉ ተመራማሪዎች በ2010 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለ ነገር አይተው ነበር። ከዚያ ዉድና ፖርተር የተባሉ ሌሎች ተመራማሪዎች ከ10,000 በላይ ሰዎች ላይ፣ በ52 ጉዳዮች ሞከሩት። ያ እልህ የለም ማለት ይቻላል። ሰዉ በአብዛኛው ወደ እውነቱ ጠጋ አለ። «ታዲያ ግሩፑ ላይ የሚጮኸውስ?» ትሉኛላችሁ። እሱ ሰው ፊት ነዋ! እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ እዚያ የሚሟገተው ለወንዙ ሳይሆን ለገመናው ነው። ጩኸቱን አይታችሁ «ሰውየው እውነቱን አልሰማም» አትበሉ።

እኔን የሚያበግነኝ ሌላ ነው። የገዛ የከተማውን ልጅ፣ በሬሳ ዳር ያደገውን፣ «ባንዳ» ብለው ከግሩፕ ሲያስወጡት። እሱ እኮ ውሻም አይደለም፣ ቀበሮም አይደለም። ራሱ ጭላዳ ነው! በክብር ነው ያልኩት።

ከግሩፕ የተባረራችሁ ካላችሁ ታሪኩን ከሥር ጻፉልኝ። የአድሚኑን ስም ግን አትጥሩ፣ ጠብ አልፈልግም።