ቺንዶን-ያ፦ መንገድን በጆሮ ማጥናት

[ድምፅ፦ ቺን፣ ቺን፣ ዶን፤ ከሩቅ የሚመጣ ክላርኔት]

ሰላም ተመልካቾቻችን! ይቺን ድምፅ ያዙልኝ። ቺን፣ ቺን፣ ዶን። "ቺን" የምትለው ሳህን የምትመስል የነሐስ ደወል ናት፤ "ዶን" ከበሮው ነው። ሁለቱንም ደረቱ ላይ አንግቶ የሚመታው አንድ ሰው ነው። "ያ" ማለት በጃፓንኛ የሥራው ባለቤት ነው። ቺንዶን-ያ እንግዲህ ሱቅ ወይም ፓቺንኮ ቤት (የብረት ኳስ መጫወቻ ቤት) ሲከፈት ተቀጥሮ፣ በየሰፈሩ እየዞረ የሚያስተዋውቅ የሙዚቃ ቡድን ነው። ዛሬ ቡድኑን እየተከተልን ድምፁ የት ድረስ እንደሚሰማ በካርታ እንዴት እንደሚጠና ላሳያችሁ።

አሁን ቁራሌውን አስቡት። የአዲስ አበባውን ቁራሌ። ቤት ውስጥ ናችሁ፣ በሩ ዝግ ነው፣ ሰውየውን አታዩትም። "ቁራሌው!" ሲል ግን የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። ታችኛው ቅያስ ነው... አሁን ታጠፈ... አሁን በራችን ላይ ነው! ያ አሮጌ ጫማ ትዝ የሚላችሁ ያኔ ነው። ድምፁ አጥር አልፎ፣ ጓዳ ገብቶ፣ ሰው ይዞ ይወጣል። ቺንዶን-ያም ውስጥ ለውስጥ ባሉት መንገዶች የሚዞረው ለዚህ ነው። አጥርና ግድግዳ ድምፅን አያቆሙትም። ለእኔ የዚህ ጥናት ውበቱ እዚህ ላይ ነው።

ብዙዎቻችሁ "ለማኞች ናቸው እንዴ?" ብላችኋል። አይደሉም! ኮፍያ አይዘረጉም፤ የሚከፍላቸው ባለሱቁ ነው። ኮፍያ የሚዘረጉት ሌሎች ናቸው። ቶኪዮ ለእነዚያ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ "ሄቨን አርቲስት" የሚባል ፈቃድ ትሰጣለች፤ ፈተናውን ያለፈ በተፈቀደለት ቦታ ቆሞ ይጫወታል። ቺንዶን-ያ ግን ይሄዳል። መሄድና መቆም ደግሞ ጃፓን ውስጥ ትልቅ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ቶኪዮ ውስጥ በሺንጁኩ ባቡር ጣቢያ ምዕራብ መውጫ፣ ከመሬት በታች ባለው አደባባይ፣ ወጣቶች ጊታር ይዘው የቬትናምን ጦርነት እየተቃወሙ ይዘፍኑ ነበር። በሐምሌ "አደባባይ" የሚለው ሰሌዳ ወርዶ "መተላለፊያ" የሚል ተሰቀለ። መተላለፊያ ከሆነ ደግሞ ማለፍ እንጂ መቆም የለም! ይህን ታሪክ ሳያውቁ ስለ ጃፓን መንገድ መጻፍ አይቻልም ባይ ነኝ።

ወደ ሥራው፣ በፍጥነት። ሁለት መቅረጸ ድምፅ ያዙ። አንዱ ከእናንተ ጋር ከቡድኑ 5 ሜትር ያህል ኋላ ይሂድ፤ ሌላው መታጠፊያ ላይ ይቀመጥ። ሁለቱን አብራችሁ ከፍታችሁ አንዴ አጨብጭቡ፤ በኋላ ፋይሎቹን የምታገጣጥሙት በዚያች ጭብጨባ ነው። የድምፅ መጠኑን በደወሏ ለኩ፤ መቅረጫው ከሚችለው ጣሪያ (ከ0 ዴሲቤል) 12 ዴሲቤል ዝቅ ብላ ትቁም። በክላርኔቱ ከለካችሁ ደወሏ ስትመታ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ተመልሶም አይጠገንም። ካሜራ ይዛችሁ ከፊት አትቅደሙ፤ ሰው ቡድኑን ትቶ እናንተን ያያል፣ ማስታወሻችሁም ስለ ካሜራ ይሆናል። የተከፈተውን መስኮት፣ በራሪ ወረቀት የተቀበለውን፣ መንገድ የተሻገረውን ከነሰዓቱ ካርታ ላይ ምልክት አድርጉ።

ቃለ መጠይቁን በዚያው ቀን አድርጉት። "ወደዱት?" ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሁሉም "አዎ" ይላችኋል። "መጀመሪያ ሲሰሙት የት ነበሩ?" በሉ። ወጥ ቤት፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ፀጉር ቤት... መልሱን ሁሉ በነጥብ ካርታው ላይ አስቀምጡት። ነጥቦቹ ቡድኑ ካለፈበት መስመር ወጥተው ምን ያህል እንደራቁ በማስመሪያ ለኩ። የትንተናው ቪዲዮ ሲለቀቅ እንዳያመልጣችሁ ሰብስክራይብ አድርጉ።