ጠመንጃው በማን እጅ፣ ቃሉ በማን አፍ
(ደብረ ማርቆስ ላይ ለህግ ተማሪዎችና ለአገር ሽማግሌዎች የተደረገ ንግግር፣ ሙሉ ቃል)

እንደምን ዋላችሁ አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ እናንተም ከኋላ የቆማችሁ ተማሪዎች፣ ወንበር ስላነሰ ይቅርታ፣ የወጣት እግር ቆሞም ይሰማል። አስተባባሪዎቹ 20 ደቂቃ ብለውኛል፣ ጠበቃ 20 ከተባለ 40 እንደሚወስድ ስለሚያውቁ ይመስለኛል ጽፈህ አንብብ ያሉኝ።

ርዕሱን ስነግራቸው ደንገጥ ብለው ነበር። ስለ መሳሪያ? አሁን? ጎጃም ላይ? አሉኝ። አይ፣ የማወራው ስለ ዳኛ ነው፣ መሳሪያው ማሳያ ነው አልኳቸው። እስቲ ታያላችሁ።

አያቴ ምንሽር ነበራቸው። ምሰሶው ላይ ተሰቅላ ነው የማውቃት፣ እኛ ልጆቹ እንድንነካት አይፈቀድም፣ ሲሞቱ ግን ለቅሶው ላይ ተተኮሰችላቸውና ሴቱ ወንዱ አብሮ አለቀሰ። በህይወት እያሉ በዚያች ምንሽር ሰው ላይ ተኩሰው አያውቁም። ፍርድ ቤት ግን ዕድሜ ልካቸውን ተመላልሰዋል፣ በርስት ነዋ፣ በሬ ተኝቶባት በማትተርፍ ቁራሽ መሬት ስንት ክረምትና በጋ ተሟግተዋል። እና የጎጃም ሰው መሳሪያ ይወዳል ሲባል በሰማሁ ቁጥር፣ ኧረ ሙግት የሚወደውን ማን ይንገርለት እላለሁ። መንገድ ላይ የተጣላ ሰው "በህግ አምላክ!" ከተባለ ይቆማል፣ ክላሽ ትከሻው ላይ ያለ ሰው እንኳ ይቆማል። ቢያንስ ይቆም ነበር።

አባቶች ታስታውሳላችሁ፣ በንጉሡ ጊዜ ትልቁ ዳኛ አፈ ንጉሥ ነው የሚባለው። ከሱ በላይ ዙፋን ችሎት፣ ንጉሡ ራሳቸው። ስሙን እዩት እስቲ፣ ዳኛው የንጉሡ አፍ ነው፣ የህጉ አፍ አይደለም። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብሩ ሲመጣ የጎጃም ገበሬ መጀመሪያ ያደረገው አቤቱታ ይዞ መሄድ ነበር፣ ሰሚ ሲያጣ ነው ነገሩ ወደ ሞጣም ወደ ብቸናም ወደ ጥይት የሄደው። ያኔ በ1948 የተሻሻለ ህገ መንግስት ነበረን፣ ወረቀቱ አለ፣ ግን ያን ወረቀት ይዞ "ይሄ አዋጅ ከዚህ ጋር ይጋጫል" ብሎ ገበሬ የሚቆምበት ችሎት የለም። ዛሬ ልጠይቃችሁ የመጣሁት ይችኑ ነው፣ ህጉ የሚናገረው በማን አፍ ነው?

አሜሪካኖቹ ጋ ልውሰዳችሁና እንመለሳለን። የነሱን ዓመት በፈረንጅ ነው የምጠራው፣ የኛን በኛ።

በ1791 ህገ መንግስታቸው ላይ የጨመሯት አንዲት አረፍተ ነገር አለች፣ በእንግሊዝኛ 27 ቃል ብቻ ናት። በደንብ የተደራጀ ሚሊሻ ለነጻ መንግስት ደህንነት አስፈላጊ ስለሆነ፣ የህዝቡ መሳሪያ የመያዝና የመታጠቅ መብት አይነካም፣ በግርድፉ እንዲህ ነው የምትለው። ሚሊሻ ስል የቀበሌው ሚሊሻ እንዳይመጣባችሁ፣ ወይ ይምጣባችሁ ግድ የለም፣ ክርክሩ እኮ እሱ ነው። መሳሪያ የመያዙ መብት የሚሊሻው ነው ወይስ ቤቱ የተቀመጠው ያያ እገሌ? ነጠላ ሰረዟ የት እንደወደቀች ሳይቀር ተሟግተዋል፣ የጎጃም ርስት ሙግት ነው የሚመስለው።

በ1939 አፈሙዙ የተቆረጠ ጠመንጃ ያጓጓዙ ሰዎች ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ደረሰ፣ ፍርድ ቤቱም ይሄ መሳሪያ ከሚሊሻው ስራ ጋር መያያዙ አልታየኝም አለ። ከዛ በኋላ ወደ 70 ዓመት ገደማ የበታች ፍርድ ቤቶች ባብዛኛው አረፍተ ነገሯን በሚሊሻው በኩል ነው ሲያነቧት የኖሩት። ከዛ 2008 መጣ። ዋሽንግተን ከተማ ከ1976 ጀምሮ ሽጉጥ ከልክላለች፣ ሄለር የሚባል ጥበቃ አለ፣ ቀን የመንግስት ህንጻ ሲጠብቅ ሽጉጥ ይታጠቃል፣ ማታ ቤቱ ሲገባ ግን አይፈቀድለትም፣ ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 የግለሰብ መብት ነው ብሎ ወሰነለት። ከ27ቱ ቃል አንዷም አልተነካችም እኮ! የተቀየረው አንባቢው ነው። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ስካሊያም ቢሆኑ መብቱ ወሰን አለው፣ ትምህርት ቤትና የመንግስት መስሪያ ቤት ውስጥ መሳሪያ መከልከል ይቻላል፣ በከባድ ወንጀል የተቀጣ ሰው እንዳይዝ ማድረግም ይቻላል ብለዋል፣ ይቺን ብዙ ሰው ይዘላታል።

የኔ ሆድ የሚባባው ግን በሚቀጥለው ነው። በ1857 ይሄው ፍርድ ቤት ድሬድ ስኮት በሚባል ባሪያ ጉዳይ ላይ ጥቁር ሰው ዜጋ ሊሆን አይችልም ብሎ ፈረደ፣ ከምክንያቶቹ አንዱን ታውቃላችሁ? ዜጋ ካልናቸው እኮ በሄዱበት ሁሉ መሳሪያ ይዘው ሊሄዱ ነው የሚል ነው። በግልጽ ተጽፏል። ከዛ 153 ዓመት ቆይቶ፣ 2010 ላይ፣ ኦቲስ ማክዶናልድ የሚባሉ ጥቁር ሽማግሌ፣ የሉዊዚያና ጭሰኛ ልጅ፣ ቺካጎ ቤታቸው ሌባ አስቸግሯቸው ሽጉጥ ልያዝ ቢሉ ከተማው ከለከላቸው፣ እዛው ፍርድ ቤት ቀርበው 5 ለ 4 አሸነፉ፣ መብቱ በክፍላተ ሀገሩም ይሰራል ተባለ። ያው ፍርድ ቤት፣ ያው ወንበር። መሳሪያ መፈቀዱን ትደግፉ ትቃወሙ አላውቅም፣ ግን አንድ ችሎት ከሰውነት ያወጣውን ሰው ዘር መልሶ "ያንተም መብት ነው" ሲል ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

በ2022 ደግሞ ኒውዮርክ። እዛ ሽጉጥ ይዞ መውጣት የፈለገ ሰው ከሌላው የተለየ በቂ ምክንያት አቅርብ ይባላል፣ ህጉ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቷል። ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 አፈረሰው፣ ለመብት ምክንያት አይጠየቅም ብሎ። ከዛ በላይ ደግሞ ዳኞች ከአሁን በኋላ የመሳሪያ ህግ ሲመዝኑ የድሮ ታሪክና ልማድ እያገላበጡ ይሁን አለ። በል እንግዲህ፣ ዳኛ ሁላ ያባቶቹን ዘመን ደንብ ፍለጋ ገባ፣ እርስ በርሱ የሚጋጭ ፍርድ ተከመረ። 2024 ላይ ፍቅረኛውን በመደብደቡ አትጠጋት ተብሎ የታገደ ሰው "እኔም መሳሪያ የመያዝ መብት አለኝ" ብሎ መጣ፣ 8 ለ 1 የለህም አሉት። አንዱ የተለየው ማን ነው? የ2022ቱን የጻፉት ዳኛ ቶማስ ራሳቸው። መስፈሪያውን ሰርተው ሰጥተው፣ ሌሎቹ ሲሰፍሩበት አልተስማማቸውም።

የመሳሪያ ብቻ አይምሰላችሁ። በ1963 አንድ የፍሎሪዳ እስረኛ በእርሳስ በጻፋት ማመልከቻ ነው ድሃ ተከሳሽ ጠበቃ ይቁምለት የተባለው። ጽንስ ማቋረጥን ደግሞ በ1973 መብት ነው ብለው በ2022 አይደለም አሉ፣ 49 ዓመት ሙሉ የቆየውን። የሰጠ እጅ ይነሳል። እና አሜሪካን ቅዱሱ ምሳሌ አድርጌ ይዤ እንዳልመጣሁ ይታወቅልኝ፣ በዓመት ከ40 ሺህ በላይ ሰው በጥይት ይሞትባቸዋል፣ ከግማሽ በላዩ በገዛ እጁ፣ ማን ይቀናበታል።

በሉ ወደ ቤታችን።

የ1987ቱ ህገ መንግስታችን ላይ ስለ መሳሪያ የተጻፈ መብት የለም። ያለን የጦር መሳሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው፣ እሱ ላይ መሳሪያ የሚያዘው በፈቃድ ነው። መብትና ፈቃድ አንድ አይደሉም፣ ተማሪዎች ይቺን ጻፏት። መብት ከሆነ ለምን ትከለክለኛለህ ብዬ የምጠይቀው እኔ ነኝ፣ ፈቃድ ከሆነ ለምን ፈለግህ ብሎ የሚጠይቀኝ እሱ ነው። የኒውዮርኩ ሙግት በሙሉ እዚች ላይ ነበር። እኔ በግሌ መሳሪያ ፈቃድ መሆኑን አልቃወምም፣ አያቴ ቢሰሙኝ ይቀየሙኝ ነበር፣ ግን ፈቃድም ቢሆን ሲሰጥም ሲነጠቅም በህግ ነው፣ በወረቀት ነው።

የመጨረሻው ቃልስ? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። እኛ ጋ ህገ መንግስቱን የሚተረጉመው ጠቅላይ ፍርድ ቤት አይደለም። አንቀጽ 83 ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው የሰጠው፣ ብሔር ብሔረሰቦችን ወክለው ለተቀመጡ ፖለቲከኞች። አጣርቶ የሚያቀርብላቸው የህገ መንግስት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ አለ፣ 11 አባላት፣ ሰብሳቢው የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት። ዳኛው እጁ ላይ ያለው ጉዳይ ትርጉም ያስፈልገዋል ካለ መዝገቡን ወደዛ ይልካል። ለምን እንዲህ ሆነ ሲባል፣ ህገ መንግስቱ የብሔሮች ቃል ኪዳን ስለሆነ ቃል የገቡት ራሳቸው ይተርጉሙት ነው መልሱ። ክርክሩ ይገባኛል። ግን ቃል ኪዳን ያፈረሰው ከተዋዋዮቹ አንዱ ቢሆንስ?

እንዴት እንደሚሰራ ልንገራችሁ። በ1997 ከምርጫው ማግስት ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ አዲስ አበባና ዙሪያዋ ላይ ሰልፍና ስብሰባ ለአንድ ወር አገዱ። ተቃዋሚው ቅንጅት ፍርድ ቤት ሄደ፣ ፍርድ ቤቱ ለአጣሪ ጉባኤው ላከው፣ ጉባኤው ህገ መንግስት አልተጣሰም አለ፣ አለቀ። በ1993 ደግሞ የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተከሰው ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ ይፈቱ ብላ አዘዘች፣ ከፍርድ ቤቱ እንደወጡ መልሰው ያዟቸው፣ ፓርላማውም በጥድፊያ ሙስና ዋስትና እንዲያስከለክል ህግ አወጣ። አንዲት ዳኛ አንድ ትእዛዝ ጻፈች፣ አገር ሙሉ ህግ ተቀየረባት።

ልክ ነው፣ በጎም አለ፣ አልሸሽግም። አቶ መላኩ ፈንታ በ2005 ሲታሰሩ በሚኒስትር ማዕረግ የገቢዎችና ጉምሩክ ባለስልጣን ዋና ዳይሬክተር ስለነበሩ ጉዳያቸው በቀጥታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መታየት አለበት ተባለ፣ ታዲያ እዛ ከተፈረደባቸው ይግባኝ የት ሊሉ ነው? ጥያቄው ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደርሶ ይግባኝ የማለት መብት ይጥሳል ተብሎ ከታች እንዲጀመር ተወሰነ። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሰበር ሰሚ ችሎትም አለ፣ አምስት ዳኛ ተቀምጦ የሰጠው የህግ ትርጉም ከ1997 ጀምሮ በየትኛውም እርከን ያለን ፍርድ ቤት ያስገድዳል። በመዝገብ ቁጥር 23632 ልጁን ጥሎ የቆየ አባት ከአሳዳጊ አክስቱ ልውሰደው ሲል፣ የህጻኑ ጥቅም ይቀድማል ብሎ ለአክስት ፈረደ፣ ህገ መንግስቱንም የህጻናት ኮንቬንሽኑንም ጠቅሶ። ማንም ሰልፍ አልወጣለትም፣ ዜናም ያን ያህል አልሆነም፣ ግን ዛሬ እዚህ ደብረ ማርቆስ ልጅ ለማሳደግ የሚሟገት ሰው በዛ መዝገብ ጥላ ስር ነው ያለው።

አሁን ወደ ከባዱ። አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰአት ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፣ የመንገዱን ጊዜ ሳይጨምር፣ እኔ መቼም ከመርጡለ ማርያም ማዶ ያለ ቀበሌ ውስጥ የተያዘ ደንበኛ ስለነበረኝ መንገድ የሚለውን ቃል የጨመረውን ሰው አደንቃለሁ። ግን አንቀጽ 93 በአስቸኳይ ጊዜ የማይነኩ ብሎ በስም የዘረዘራቸው ጥቂት ናቸው፣ 19 እዛ ውስጥ የለም። ሐምሌ 2015 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ለ6 ወር ነበር፣ ጥር 2016 ላይ 4 ወር ተጨመረበት። በነዛ 10 ወራት ስንት ቤት ውስጥ "የት ገባ" ተብሎ እንደተጠየቀ እኔ ልነግራችሁ አያስፈልግም፣ የተቀመጣችሁት እናንተ ናችሁ። አካል ነጻ ማውጣት የሚባል አቤቱታ አለ፣ ሰውዬውን አምጡት፣ በምን ህግ እንደያዛችሁት ንገሩኝ የሚል። ያንን አቤቱታ የሚቀበል ዳኛ ከሌለ ሌላው መብት በሙሉ ምሰሶው ላይ እንዳለችው የአያቴ ምንሽር ነው፣ ታምራለች፣ አትነካም።

አንድ ነገር ልጨምርና ልውረድ። አንድ ደንበኛ አለኝ፣ ገበሬ ነው፣ ሁለት በሬ ሸጦ ክላሽ ገዛ፣ አስመዘገበ፣ ወረቀቱ አለው። አንድ ቀን መጥተው ወሰዱበት። ደረሰኝ የለ፣ ደብዳቤ የለ። ቢሮዬ ሲመጣ፣ አያ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ በዚህ ጊዜ መሳሪያህን ይመልሱልሃል ብዬ ተስፋ አልሰጥህም አልኩት። እሱም "እሱንስ አውቄዋለሁ ጠበቃ፣ በምን አንቀጽ እንደወሰዱት ጽፈው ይስጡኝ ነው የምለው" አለኝ። በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ያሉት አባቶች ይሄን ሰውዬ የሚያውቁት ነው የሚመስሉት። እዛ ማዶ ሄለርም ሽማግሌው ማክዶናልድም እንዲህ ነው የጀመሩት፣ የከሰሰ ሰው ባይኖር ዘጠኙ ዳኞች ምንም አይናገሩም ነበር።

ክሱን ጽፌለታለሁ። መልስ ሰጪው ሁለት ጊዜ አልቀረበም፣ ዳኛው በሶስተኛው መልስ ይዞ ይቅረብ፣ የያዘበትንም የህግ አንቀጽ በጽሁፍ ይግለጽ ብለው አዘዋል፣ ትእዛዙ ሶስት መስመር ነው፣ ፎቶ ኮፒ አድርጌ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤዋለሁ፣ ማየት ለሚፈልግ አለ። ቀጠሮው በሚቀጥለው ወር ነው። ተማሪዎች፣ ችሎቱ ግልጽ ነው፣ መጥታችሁ ተቀመጡ፣ ሶስት ሰአት ላይ ይጀመራል፣ ቢያንስ በሩ ላይ የተለጠፈው እንደዛ ነው የሚለው።

አመሰግናለሁ።