ከከተማዋ በታች ያለው ውኃና መሬት

ክቡራን እንግዶች፣ ከአቃቂና ከዙሪያው የመጣችሁ አርሶ አደሮች፣ ውድ ተማሪዎችና የሥራ ባልደረቦች፤

ስለ ቆሻሻ፣ ውኃና መሬት የሚመክረው ይህ የጥናት ጉባኤ ከመሀል ከተማ ይልቅ እዚህ መካሄዱ ተገቢ ነው። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች አዲስ አበባ የለቀቀችውን ፍሳሽ ይዘው ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ወንዝ የሚያልፉት በዚህ በኩል ነው። የቆሻሻ አያያዛችን ምን ያህል እንደሠመረ ለማወቅ የሚሻ ሰው ሪፖርት ከማገላበጡ በፊት የወንዙን ውኃና በአባ ሳሙኤል ላይ የተንሰራፋውን እምቦጭ ቢያይ ይበቃዋል።

ለረጅም ዘመን መፍትሔ የምንለው ቆሻሻውን ከዓይን ማራቅ ነበር። ሕዝቡ ቆሼ የሚለው የረጲ ቆሻሻ መጣያ በ1950ዎቹ ሲከፈት የከተማ ዳር ነበር፤ ከተማዋ ሰፍታ ከበበችው፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን ቀጠፈ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2008 ዓ.ም. ሰንዳፋ ላይ ሥራ የጀመረው ማስወገጃ በአርሶ አደሮች ተቃውሞ በወራት ውስጥ ቆሟል። እንደ እኔ እምነት ከዚህ የምንማረው፣ ለማስወገጃ ቦታ ሲመረጥ የአፈሩ ጠባይና የመንገዱ ርቀት ብቻ ሳይሆን በመሬቱ ላይ የሚኖረው ሰው ጥያቄም ከመነሻው የጥናቱ አካል መሆን እንዳለበት ነው።

በ2010 ዓ.ም. የተመረቀው የረጲ ማመንጫ ቆሻሻን አቃጥሎ ኤሌክትሪክ እንዲያወጣ የተሠራ ነው። ይሁን እንጂ የቤታችን ጥራጊ በአብዛኛው እርጥብ የምግብ ትራፊና የአትክልት ልጣጭ ስለሆነ፣ ከሙቀቱ ብዙው ውኃውን በማትነን ያልቃል። ይህ ትራፊ ከቤት ተለይቶ ቢወጣ ኮምፖስት ይሆናል። ከተደበላለቀ ግን ኮምፖስቱ የጠርሙስ ስባሪና የባትሪ ብረት ይዞ ስለሚመጣ፣ አርሶ አደሩ ማሳዬ ላይ አልበትንም ቢል ልክ ነው። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ከወጣ ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ መለየት በሕግ የታወቀ ነገር ነው፤ በየሰፈሩ የሚዞረው ቁራሌ እንኳ ከአዋጁ በፊት ሲሠራው ኖሯል።

አሁን ብዙ ወደሚያከራክረን ጉዳይ ልለፍ። በወንዙ ዳር በመስኖ የሚለማው ቆስጣ፣ ሰላጣና ጎመን የከተማዋን ገበያ ይመግባል። በአካባቢው የተደረጉ ጥናቶች በውኃው፣ በአፈሩና በአትክልቱ ውስጥ ከባድ ብረቶች አግኝተዋል፤ ከእነዚህ አንዱ ክሮሚየም ሲሆን ዋነኛ ምንጩ የቆዳ ፋብሪካዎች ፍሳሽ ነው። ጣት የሚቀሰረው ግን ውኃውን በበከለው ላይ ሳይሆን በበጋ ሌላ ውኃ በሌለው ገበሬ ላይ መሆኑ ያሳዝነኛል። «አታልሙ» ማለት ጥናት አይደለም። ቅጠላ ቅጠል ከቲማቲምና ከመሰል ፍሬዎች የበለጠ ከባድ ብረት እንደሚሰበስብ፣ አሲዳማ አፈርም ካድሚየም የተባለውን ሌላ ከባድ ብረት ወደ ተክሉ ሥር በቀላሉ እንደሚለቅ ይታወቃል። ስለዚህ ልንመልሰው የሚገባን በየትኛው ማሳ፣ በየትኛው ወቅት፣ ምን ቢዘራ እንደሚሻል ነው።

ጉዳዩ እዚህ ታች የሚቀርም አይደለም፤ ከተማዋ ከምትጠጣው ውኃ ከፊሉ የሚቀዳው ከአቃቂ ጉድጓዶች ነውና።

በመሆኑም የቆሻሻ፣ የውኃና የመሬት ተመራማሪዎች ለየብቻ ናሙና መውሰዳቸውን ትተው፣ ከፋብሪካዎቹ መውጫ እስከ ማሳዎቹ ድረስ ባሉ የተስማሙባቸው ነጥቦች፣ በክረምትም በበጋም፣ በጋራ እንዲወስዱ ሐሳብ አቀርባለሁ። ውጤቱም ወደ መጽሔት ከመላኩ በፊት ለማሳው ባለቤት በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይነገረው። የነጥቦቹ ረቂቅ ካርታ በመግቢያው ጠረጴዛ ላይ ስላለ፣ ወንዙን ከእኛ በላይ የምታውቁት አርሶ አደሮች ከሻይ ዕረፍቱ በፊት እንድታርሙልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አመሰግናለሁ።