ይደገም!

ጤና ይስጥልኝ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፤ እኔና እናንተ ብቻ ነን። የማነሳው ጉዳይ ዓመታት ተጠብቆ የወጣ አልበም እንዴት ይደመጣል የሚለው ነው። ሬዲዮም ይገባበታል፤ ለምን እንደሚገባ እየቆየ ግልጽ ይሆናል። ዓመተ ምሕረት ስጠራ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆኑን ያዙልኝ።

ከምታውቁት ነገር ልጀምር። አንድ ድምፃዊ ወይም ባንድ አሥር ዓመት ጠፍቶ ይከርምና አልበሙ እኩለ ሌሊት ላይ ይለቀቃል። ገና ሳይነጋ አስተያየቱ ሞልቶ ይፈሳል። አንዱ «ለዚህ ነው ይህን ሁሉ ዘመን ያስጠበቀን?» ይላል። ሌላው «ከሥራዎቹ ሁሉ ቁንጮው ይሄ ነው» ይላል። አልበሙ የአንድ ሰዓት ርዝመት ካለው፣ እስኪነጋ ቢበዛ አምስት ስድስት ጊዜ ነው የሚሰማው። አብዛኛው ሰው ደግሞ አንዴ ብቻ ሰምቶታል፤ እሱንም እየዘለለ።

አዲሱን የምናወዳድረው ከድሮው ጋር ነው፤ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ድሮውን ሁለት መቶ ጊዜ ሰምተነዋል። ከበሮው የት እንደሚገባ፣ አዝማቹ ሊመጣ ሲል ድምፃዊው የት ላይ ትንፋሽ እንደሚስብ ጆሯችን በቃሉ ይዞታል። አዲሱ ገና እንግዳ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮበርት ዛየንስ በ1968 ባሳተመው ጥናት፣ ሰው ደጋግሞ ያገኘውን ነገር ሌላ ምክንያት ሳይኖረው እየወደደው እንደሚሄድ አሳይቷል። ስለዚህ «እንደ ድሮው አይደለም» ስንል፣ ከቃላችን ውስጥ ግማሹ «ገና አልለመድኩትም» ማለት ነው።

ጥበቃው ሲረዝም ይህ ይብሳል። ማይ ብለዲ ቫለንታይን የተባሉት ባንድ ከ1991ዱ አልበማቸው በኋላ ቀጣዩን ያወጡት በየካቲት 2013 ነው። 21 ዓመት መሆኑ ነው። በራሳቸው ድረ ገጽ በለቀቁት ሰዓት ድረ ገጹ ከሰው ብዛት ተጨናንቆ አልከፍት አለ። 21 ዓመት ጠብቆ፣ በዚያ ላይ ገጹን ደጋግሞ ሲነካካ ያመሸ ሰው የመጀመሪያውን ዘፈን ሲሰማ፣ የሚሰማው ዘፈኑን ብቻ አይደለም። ጉጉቱም፣ ድካሙም፣ በልቡ ሲያቀናብረው የከረመው ሌላ አልበምም አብረው ይጫወታሉ።

ታዲያ ሬዲዮ ምን አገባው? ሬዲዮ ይህን ነገር ሳናውቀው ይፈታልን ነበር። የሙዚቃ ጣቢያዎች ዘፈኖችን በደረጃ ይመድባሉ። በቀን ብዙ ጊዜ የሚመላለስ አለ፣ በቀን አንድ ሁለቴ የሚመጣ አለ፣ በሳምንት ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚሰማ አለ። የእንግሊዙ ቢቢሲ ሬዲዮ 1 ለምሳሌ ዝርዝሩን ኤ፣ ቢ እያለ በደረጃ ይከፍላል። ከላይኛው ምድብ የገባ ዘፈን አድማጩ ፈለገም አልፈለገ በሳምንት ውስጥ ብዙ ጊዜ ጆሮው ላይ ያርፋል። በመጀመሪያው ቀን «ምኑ ዘፈን ነው» ያለ ሰው በስድስተኛው ቀን አዝማቹን ሲያንጎራጉር ራሱን ያገኘዋል። የሚደግምለት ሌላ ሰው ስለሆነ፣ መዝለያ ቁልፍ እጁ ላይ አልነበረም።

ሌላ ዓይነት ሬዲዮም ነበር፤ ለእኔ ትልቁ እሱ ነው። አቅራቢው ጆን ፒል በዚያው ቢቢሲ ሬዲዮ 1፣ ጣቢያው ከተከፈተበት ከ1967 ጀምሮ በ2004 እስካረፈ ድረስ ሠርቷል። የጣቢያውን ዝርዝር ትቶ ራሱ የመረጠውን ነበር የሚያጫውተው። በ1973 የማይክ ኦልድፊልድን አልበም ቱቡላር ቤልስን ከዳር እስከ ዳር አሰማ። እያንዳንዱ የሸክላው ገጽ አንድ ወጥ ሙዚቃ የሆነ፣ ለሦስት ደቂቃ ነጠላ ዜማ በተሠራ ፕሮግራም ውስጥ ቦታ የሌለው ሥራ ነበር። በ1978 ደግሞ አንደርቶንስ የተባለውን ባንድ ዘፈን ቲኔጅ ኪክስን አጫውቶ ሲያበቃ፣ ወዲያው ያንኑ ዘፈን ደገመው። አድማጩ መድረኩ ፊት ቆሞ «ይደገም!» እንደሚለው፣ እሱ ከማይክሮፎኑ ኋላ ሆኖ ደገመው። አንድ ዘፈን ሲደገም የመጀመሪያው ማድመጥ ዜማውን ያስተዋውቃል፤ ሁለተኛው ቤዙን፣ የኋላ ድምፆቹን፣ የከበሮውን አመታት ያሰማል። ይህን በሁለት ደቂቃ ተኩል ዘፈን ላይ ሞክሩት፤ ልዩነቱ እዚያው ይገለጽላችኋል።

ነገር ግን ሬዲዮ ላይ በሰማችሁት ብቻ በአልበሙ ላይ አትፍረዱ። ምክንያቱ ቴክኒካዊ ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝረው።

ኤፍ ኤም የሚያስተላልፈው ድምፅ ወደ ላይ 15 ኪሎኸርዝ አካባቢ ይቆማል፤ ሲዲ 20 ይደርሳል። እሱ ብዙ አይጎዳም። ዋናው ጉዳት ከጣቢያው ማቀነባበሪያ ይመጣል። ኦርባን የተባለው ኩባንያ በ1975 ኦፕቲሞድን ካወጣ ወዲህ፣ ዝቅ ያለውን ድምፅ ከፍ፣ ከፍ ያለውን ዝቅ እያደረገ ሁሉን የሚያስተካክል መሣሪያ በየጣቢያው ተለምዷል። መኪና ውስጥ በሞተር ጩኸት መሀል ለሚሰማ ሰው ይጠቅማል። ሹክሹክታ ይዞ ተነስቶ ወደ ጩኸት የሚያድግ ዘፈን ግን እድገቱ ይጠፋበታል፤ ሹክሹክታውም ጩኸቱም እኩል ይሆናሉ። «ዘፈኑ የትም አይደርስም» የሚል አስተያየት ስትሰሙ፣ ተናጋሪው የት እንደሰማው ጠይቁት።

በዚያ ላይ ኤፍ ኤም ቀጭኑን ድምፅ ከመላኩ በፊት ያጎላዋል፤ ተቀባዩ ሬዲዮ መልሶ ይቀንሰዋል። የሚደረገው የጀርባ ሽሽታውን ለመቀነስ ነው። ዘፈኑ ሲቀረጽ ጀምሮ «ሰ» እና «ሸ»ው የሚያፏጭ፣ የከበሮው ሳህን ከልክ በላይ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ግን፣ ማቀነባበሪያው ያንን ሊጨፈልቅ ይገደዳልና ድምፁ ይደነዝዛል። ስቱዲዮ ውስጥ ሲያበራ የነበረው ዘፈን ሬዲዮ ላይ ጨርቅ የለበሰ የሚመስለው በዚህ ነው።

ለሬዲዮ የተቆረጠው ቅጂም አለ። ስድስት ደቂቃው ዘፈን ሦስት ተኩል ይሆናል። መጀመሪያ የሚሄደው መግቢያው ነው፣ ቀጥሎ የመሣሪያ ብቻ ክፍሉ፣ አንዳንዴ አንድ ሙሉ የግጥም ቤት። መጨረሻውም ሳይደርስ ቀስ እያለ ይደበዝዛል። ከአልበሙ በፊት የወጣውን ነጠላ ዜማ በዚህ መልክ የለመደ ሰው፣ ሙሉውን አልበሙ ውስጥ ሲያገኘው «ተንዛዛ» ይላል። ያልተንዛዛውን የለመደው እሱ ነው።

የአድናቂ አስተያየት ግን ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። ሜታሊካ የተባሉት ባንድ ከቀደመው አልበማቸው ከአምስት ዓመት በኋላ በመስከረም 2008 ዴዝ ማግኔቲክን ሲያወጡ፣ ብዙ አድማጭ «ጆሮ ያደክማል» አለ። አድማጮቹ እዚያ ላይ አላቆሙም። የዚያው አልበም ዘፈኖች ጊታር ሂሮ በተባለው ጨዋታ ውስጥም ነበሩና ሁለቱን የድምፅ ሞገድ ጎን ለጎን አስቀመጡ። የጨዋታው ቅጂ ላይ የከበሮው ምት እንደ እሾህ ወጣ ወጣ ብሎ ይታያል። የሲዲው ላይ ሁሉም ጫፍ ተላጭቶ እንደ ጡብ ደልዳላ ሆኗል። ጫፉ ሲላጭ ከበሮው ጉልበት ያጣል፣ ድምፁም ይሰነጠቃል፤ ድምፅ ቀንሳችሁም ብትሰሙት የተሰነጠቀው እዚያው ነው። ማስተር ያደረገው፣ ማለትም የመጨረሻውን ድምፅ ያስተካከለው ባለሙያም ሚክሱ (ድምፆቹ ተቀላቅለው የቀረቡበት ቅጂ) እጁ የገባው ቀድሞውኑ እንዲህ ተጨፍልቆ እንደነበር ተናግሯል። አስተያየት ማለት ይህ ነው! ምን እንደሚጎረብጠው ያውቃል፣ የት እንዳለም ያሳያል።

እንግዲህ አልበሙ በእጃችሁ ነው። እንዴት ትሰሙታላችሁ?

መጀመሪያ መተግበሪያውን አስተካክሉ። ቅደም ተከተሉን የሚያዘበራርቀው ሸፍል ይጥፋ። አንዱ ዘፈን ሳያልቅ ሌላውን የሚያስገባው ክሮስፌድም ይጥፋ፤ ዘፈኖቹ ተያይዘው የተሠሩ ከሆነ መጋጠሚያውን ያበላሸዋል። ቀጭኑንና ወፍራሙን ድምፅ የሚያጎላና የሚቀንሰውን ኢኳላይዘር ወደ ዜሮ መልሱት። የድምፅ ማመጣጠኛው ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። ስፖቲፋይ ዘፈኖችን ወደ አንድ የጉልበት ልክ ያመጣል፤ የተለመደው ልኩ በዴሲቤል (በድምፅ መጠን መለኪያ) ከዜሮ በታች 14 ነው። አልበሙን በቅደም ተከተል ስታጫውቱ ሁሉንም በእኩል ስለሚቀንስ፣ ዝግ ያለው ዘፈን ዝግ እንዳለ ይቆያል። ያንኑ ዘፈን ከሌሎች ጋር ቀላቅላችሁ ስታጫውቱ ለብቻው ያስተካክለዋል። ከድሮው አልበም ጋር ልታወዳድሩ ከሆነ ይህ ማመጣጠኛ መብራት አለበት፤ አለዚያ ጆሮ ሁልጊዜ የሚጮኸውን ይመርጣል። የአንድ ሁለት ዴሲቤል ልዩነት እንደ «ጮኸ» አይሰማም፣ እንደ «አማረ» ነው የሚሰማው። ብዙ ክርክር የሚነሳው ከዚህች ነው።

የመጀመሪያው ማድመጥ ላይ ምንም አትጻፉ፣ የማንንም አስተያየት አታንብቡ፣ አታቋርጡ። ባይሆን አልበሙ ለሸክላ ታስቦ የተሰናዳ ከሆነ መሀሉ ላይ ዕረፉ። የሸክላ አንድ ገጽ በደህና ጥራት የሚይዘው 22 ደቂቃ አካባቢ ነው። መርፌው ወደ መሀል በሄደ ቁጥር ቀጭን ድምፆችን በጥራት ማንሳት ይከብደዋል፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ የገጹ መዝጊያ ላይ ለስለስ ያለ ዘፈን ይቀመጣል። አምስተኛው ወይም ስድስተኛው ዘፈን ላይ «አልበሙ ቀዘቀዘ» ካላችሁ፣ ገጽ የሚገለበጥበት ቦታ ላይ ደርሳችሁ ይሆናል።

ሁለተኛው በማግስቱ ይሁን፤ እንቅልፍ ማድረጉ ይጠቅማል። አሁን ግጥሙን ይዛችሁ ስሙ። ድምፃዊው ዲአንጀሎ በታኅሣሥ 2014 ብላክ ሜሳያን ሲያወጣ፣ ከቀደመው አልበሙ ወደ 15 ዓመት ሊሞላው ነበር። ብዙ ሰው መጀመሪያ ያለው «ምን እንደሚል አይሰማም» ነው። ድምፁ ሆን ተብሎ ከመሣሪያዎቹ መሀል ተቀብሯል፤ ግጥሙ ደግሞ ከአልበሙ ጋር በሚመጣው ትንሽ መጽሐፍ ታትሟል። ግጥሙን ይዞ የሰማው ሰው ያ ጉድለት የመሰለው ነገር የሥራው አካል መሆኑን ያያል። ያኔም «አልወደድኩትም» ማለት ይቻላል፤ ምኑን እንዳልወደደ ግን አውቆ ነው።

ሦስተኛው ላይ እስክሪብቶ አንሡ። ለእያንዳንዱ ዘፈን ሁለት መስመር ይበቃል፤ ደቂቃውንና ሰከንዱን ጨምሩበት። «ቅንብሩ ደካማ ነው» ብሎ መጻፍ ማንንም አያሳምንም። «2፡10 ላይ ቤዙ ሲወጣ ቦታውን የሚሞላ ነገር ስለሌለ አዝማቹ ባዶ ሆነ» ካላችሁ ግን የሚቃወማችሁ ሰው እንኳ እዚያ ሄዶ ይሰማል። ደግሞ ነገሮቹን ለዩ። ዜማው ሌላ፣ ግጥሙ ሌላ፣ ቅጂው ሌላ፣ ቅደም ተከተሉ ሌላ። መልካም ዜማ በመጥፎ ማስተሪንግ ሊሰበር ይችላል፤ «አልበሙ አይረባም» ሲባል አራቱም አብረው ይቀበራሉ።

የድሮውንም አልበም በዚያው ሳምንት አንዴ ስሙት፤ በዚያው ማዳመጫ፣ በዚያው የድምፅ መጠን። ትዝታችሁ ውስጥ ያለው ከእውነተኛው ይልቅ እየተወለወለ ኖሯል፤ እዚያም የሚዘለል ዘፈን እንደነበር ታስታውሳላችሁ።

ለወዳጆቻችሁ ስታሰሙ ደግሞ የአልበሙን ዘፈኖች ሁሉ አትጫኑባቸው። አንድ ዘፈን ምረጡ፣ ቢቻል ነጠላ ሆኖ ያልወጣውን። አጫውቱ፤ ሲያልቅ «እንዴት ነው?» አትበሉ፣ ስልካቸውንም እንዲያነሱ አትፍቀዱ። የድምፁን መጠን ሳትነኩ ያንኑ ዘፈን ከመጀመሪያው ድገሙት። ጥያቄው ከዚያ በኋላ ይምጣ።