ዓሣው እግራችን ሥር ነው

ውድ የባሕር ወዳጆች፣ እንደምን አመሻችሁ!

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ቀን ነው። ከባሕር ዳርቻ ቆሜ ጠፍጣፋ ዓሣና ባስ የሚባለውን የባሕር ዓሣ ሳጠምድ ስለዋልኩበት ቀን። ጀልባ የለኝም። ያለኝ አንድ ዘንግ፣ አንድ አካፋና አንድ ባልዲ ነው። ለብዙ ጊዜ ደግሞ ትልቁ ዓሣ ያለው ሩቅ ነው ብዬ አምን ነበር። ጉልበቴ እስኪዝል ድረስ እርሳሱን፣ ማለትም ክሩን የሚያሰምጠውን ክብደት፣ ወደ ጥልቁ እወረውራለሁ። ባዶ እጄን እመለሳለሁ። ያን ቀን ግን ከመወርወሬ በፊት ባሕሩን ማየት ጀመርኩ። ልነግራችሁ የመጣሁትም ይህንኑ ነው።

የደረስኩት ውኃው ጎድሎ ሳለ ነው። ባሕሩ ሸሽቶ ወለሉን ሲያሳያችሁ የሚያህል ካርታ የለም። የት ጋ ቦይ እንዳለ፣ የት ጋ ጎድጎድ እንደሚል፣ የት ጋ ድንጋይ እንደተሸሸገ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከጉድለት እስከ ሙላት ስድስት ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። ውኃው ሲመለስ መጀመሪያ የሚሞላው እነዚያን ቦዮች ነው። ዓሣውም ምግብ ፍለጋ በዚያው ይከተላል። ስለዚህ ዘንጌን ሳልፈታ በእግሬ ዞርኩ። ቦዮቹንም በዓይኔ ያዝኳቸው። አደራ፣ ውኃው ከኋላችሁ ዞሮ መመለሻ እንዳይዘጋባችሁ መውጫችሁንም አብራችሁ ያዙ።

ለመንጠቆዬ የሚሆነውን ትል የቆፈርኩት እዚያው ነው። አሸዋ ላይ የተጠቀለለ ክር የመሰለ ክምር ካያችሁ ሥሩ ትል አለ። ከክምሩ አጠገብ ትንሽ ጎድጓዳ ነገር ትኖራለች። በሁለቱ መካከል ቆፍሩ። ስትጨርሱ ጉድጓዱን መልሳችሁ ድፈኑት። ባዶ እግራችሁን ግን እንዳትገቡ። አሸዋ ውስጥ የሚቀበር፣ ጀርባው ላይ መርዛም እሾህ ያለው ዊቨር የሚባል ትንሽ ዓሣ አለ። ከወጋችሁ ሳትቃጠሉ ልትችሉት የምትችሉት ሙቅ ውኃ ውስጥ እግራችሁን ንከሩ። ሕመሙን ያስታግሣል።

አሁን ወደ ጠፍጣፋው ዓሣ ልምጣ። እኔ ይህን ፍጡር ባየሁት ቁጥር እደነቃለሁ። ከእንቁላል ሲወጣ እንደማንኛውም ዓሣ ነው። ቀጥ ብሎ ይዋኛል፤ በግራም በቀኝም አንድ አንድ ዓይን አለው። ከዚያ ገና ጥፍር ሳያክል አንደኛው ዓይኑ ቀስ እያለ ጭንቅላቱን ተሻግሮ ከሌላኛው ጎን ይሰፍራል። ከዚያ በኋላ በጎኑ ተኝቶ ይኖራል። ፍላውንደርና ፕሌይስ የሚባሉት ጠፍጣፋ ዓሣዎች አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ዓይኖቻቸው በቀኝ በኩል ናቸው። ተርቦት የሚባለው ደግሞ በግራ። አሸዋውን ላዩ ላይ ይበትንና ዓይኖቹን ብቻ አውጥቶ ያደፍጣል።

ያደፈጠ ዓሣ የሚንቀሳቀስ ነገር ይስበዋል። ስለዚህ እርሳሱን ወርውሬ ዝም አልኩም። በየጥቂት ደቂቃው ክሩን ትንሽ ጎተት አደርጋለሁ። እርሳሱ ሲሳብ አሸዋው ቡን ይላል። ዓሣው ያንን አይቶ ይመጣል። አነካኩ ቀስ ያለ ነው። የዘንጉ ጫፍ ነቅነቅ፣ ነቅነቅ ይላል። አትቸኩሉ። ክሩ ከበድ ሲላችሁ ብቻ አንሱ። በዚያ ከሰዓት ሦስት ፍላውንደር ያዝኩ። ሦስቱንም ያገኘሁት ሃያ እርምጃ እንኳ በማይርቅ ቦይ ውስጥ ነው። ለዓመታት ከራሳቸው በላይ ስወረውር ኖሬአለሁ ማለት ነው።

ባሱ የመጣው ሲመሻሽ ነው። ባስ ነጭ አረፋ ይወዳል። ሞገዱ ሲሰበር አሸዋውን ያገላብጣል፤ ሸርጣኑንና ትሉን ያወጣል። ባሱም እዚያው አረፋው ውስጥ ገብቶ ይለቅማል። መንጠቆዬ ላይ ቅርፊቱን ሊጥል የደረሰ ሸርጣን አስሬ ከሞገዱ ጀርባ ጣል አደረግኩት። ብዙም አልቆየሁ፤ ዘንጉ ከእጄ ሊወጣ ደረሰ! ልቤ እንዴት እንደመታ ልነግራችሁ አልችልም።

ለካሁት። 39 ሴንቲሜትር ነው። በሰሜን አውሮፓ ውኃዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ይዞ ለማስቀረት የሚፈቀደው ዝቅተኛው የባስ መጠን ከ36 ወደ 42 ሴንቲሜትር ከፍ ብሏል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ባስ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። ሴቷ እንቁላል ለመጣል የምትደርሰው ዓመታት ቆይታ፣ እዚያው 42 አካባቢ ስትሆን ነው። ከ20 ዓመት በላይ መኖር የሚችል ዓሣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይወልድ ባልዲ ውስጥ ሲገባ ማየት ያመኛል። ሕጉ ባይኖርም እለቀው ነበር።

አለቃቀቁም ጥንቃቄ ይፈልጋል። እጃችሁን አርጥቡ። ስንጥቡ ውስጥ ጣት አትክተቱ። የስንጥቡ ክዳን ስለት ነው፤ የጀርባውም እሾህ ይወጋል። ጉልበቴ ድረስ ገብቼ በሁለት እጄ ደግፌ ያዝኩት። ትንሽ ቆየ። ከዚያ በጅራቱ ውኃውን ፊቴ ላይ ረጭቶ ጨለማው ውስጥ ገባ።

ነገ ውኃው የሚጎድለው ከዛሬው 50 ደቂቃ ገደማ ዘግይቶ ነው። እኔ ቀድሜ እገኛለሁ። መምጣት የምትፈልጉ ጫማና አካፋ ያዙ፤ ቦዮቹን አብረን እናያለን።

አመሰግናለሁ።