«ይሄ ምን ይባላል?» — ለሚሽን ተጓዦች የተደረገ ንግግር

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

አዘጋጆቹ ስለ ቋንቋ ተናገር ሲሉኝ ሳቄ መጣ። እዚህ ካለነው መካከል በቋንቋ ጉዳይ በደንብ የተሳቀበት ሰው ቢፈለግ ቀዳሚው እኔ ነኝ። የመረጡኝም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

የመጀመሪያው የሚሽን ጉዞዬ ላይ አንድም ቃል ሳላጠና ነው የሄድኩት። አስተርጓሚ አለ ተባልኩ፤ አለቀ። ሰዎቹ ሲያወሩ እኔ የማየው አስተርጓሚውን ነበር። እነሱም ሲመልሱ የሚያዩት እሱን ነው። አሁን ሳስበው ከሁላችንም ብዙ ወዳጅ ይዞ የተመለሰው እሱ ነው።

በአሥረኛው ቀን አስተርጓሚው ታመመ። የአንድ ትምህርት ቤት ጣሪያ እየጠገንን ነበር። እኔ ከአንድ ሸምገል ያለ አናጢ ጋር ተመደብኩ። እንተያያለን፣ ፈገግ እንላለን፣ ዝም እንላለን። ሲጨንቀኝ አንድ ሚስማር አንስቼ በምልክት «ይሄ ምን ይባላል?» አልኩት። ነገረኝ። ደገምኩት። ራሱን ወዘወዘና እንደገና ነገረኝ። በአራተኛው ሙከራ ይመስለኛል፣ መዶሻውን አስቀምጦ አጨበጨበልኝ። ከዚያ መዶሻ፣ ጣውላ፣ መሰላል እያልን ቀጠልን። ቀጥሎ የመታሁት ሚስማር ተጣመመብኝና አንድ ቃል ጨመርኩ፦ «ጠማማ»። ከሰዓት በኋላ ሠራተኛው ሁሉ በዚህ ስም ይጠራኝ ጀመር። በእኛ ቋንቋ ቢሆን ለጠብ የሚያበቃ ስድብ ነው! እዚያ ግን የቤት ስም ሆነልኝ።

በማግስቱ አስተርጓሚው ተሽሎት መጣ። አናጢው ግን እሱን አልፎ ቀጥታ ወደ እኔ መጣ። ሥራ ላይ ሳለን ስለ ልጆቹ ጠየቅኩት። «ልጅ» የሚለውን ቃል ጠዋት ቁርስ ላይ ነበር የያዝኩት። ሦስት ጣት አሳየኝ። ቆየት ብሎ አንዱን አጠፈው። ለሐዘን የሚሆን ቃል አልነበረኝም። መዶሻዬን አስቀምጬ አጠገቡ ተቀመጥኩ። አሥር ቀን ሙሉ በአንድ ግቢ ስንውል ይህን አላውቅም ነበር። አስተርጓሚው ምን ያድርግ? እኔ አልጠየቅኩም።

አሁን እውነቱን እንነጋገር። በሦስት ሳምንት ቋንቋ አይለመድም። የአሜሪካ ዲፕሎማቶች ማሠልጠኛ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ስፓኒሽን ለማስተማር 700 ገደማ የትምህርት ሰዓት ይመድባል። ቻይንኛ ወይም ዐረብኛ ከሆነ ወደ 2,200 ይጠጋል። ስለዚህ «እንናገራለን» ብላችሁ አትሂዱ፤ «እንማራለን» ብላችሁ ሂዱ። ሚሲዮናዊ ሲመጣ ሰው የሚጠብቀው አስተማሪ ነው፣ ሰጪ ነው። ቃል የሚለምን እንግዳ ሲያይ ነገሩ ይገለበጣል። ባለአገሩ አስተማሪ፣ እናንተ ገና አፋችሁን የምትፈቱ ልጆች ትሆናላችሁ። ወዳጅነት እዚያ ጋ ሲጀምር ነው ያየሁት።

ጣሊያናዊው የካቶሊክ ካህን ማቴዎ ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1582 ማካው ደርሶ ቻይንኛ መማር ጀመረ። በ1595 ራሱ በቻይንኛ የጻፈው የመጀመሪያ መጽሐፍ ስለ ምን ይመስላችኋል? ስለ ጓደኝነት። ከ13 ዓመት ትምህርት በኋላ! ይህ ሁሌም ይገርመኛል።

ጳውሎስንም አስቡት። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 21 ሕዝቡ ይገደል እያለ ሲጮህበት፣ ሻለቃውን በግሪክኛ አናገረው። ጳውሎስ ግሪክኛ ማወቁ ሻለቃውን ገረመው። ከዚያ ጳውሎስ ወደ ሕዝቡ ዞሮ በዕብራይስጥ ጀመረ። ይበልጥ ዝም አሉ ይላል ምዕራፍ 22። ተስማሙ ማለት ግን አይደለም፤ ትንሽ ቆይተው ጩኸቱን ቀጥለዋል። በቋንቋቸው ስለተናገረ ሰሙት፣ ያ ብቻ ነው።

ከመነሣታችሁ በፊት ሰላምታውን በአክብሮት አነጋገር ልመዱ። «ይሄ ምን ይባላል?» እና «እባክዎ ይድገሙልኝ» የሚሉትን ጨምሩበት። የሰው ስም ሲከብዳችሁ አታሳጥሩት፤ እስኪስተካከል ተለማመዱት። ወጣቶቹ እንግሊዝኛ መለማመድ ሊፈልጉ ይችላሉ፤ ግማሽ ሰዓት ለእነሱ፣ ግማሽ ሰዓት ለእናንተ ብላችሁ ተስማሙ። ስትሳሳቱ ደግሞ ይሳቅባችሁ። በቻይንኛ «ማይ» የሚለው ድምፅ ዝቅ ብሎ ከተነሣ መግዛት ነው፤ ከላይ ወደ ታች ከወረደ መሸጥ። ሊገዛ የወጣ ተማሪ ሻጭ ቢመስል ምን ይገርማል?

አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። ቋንቋን እንደ መንጠቆ የሚይዝ ሰው አይቻለሁ። ሁለት ቃል ወርወር አድርጎ ሰውን ማሳቅ፣ ከዚያ ወዲያው ስብከት። ሰው ይነቃበታል። ስለ ጌታ ለመናገር አትፈሩ፤ ለምን እንደመጣችሁም አትደብቁ። ወዳጃችሁ ባያምንም ግን ወዳጃችሁ ይሁን። ከተመለሳችሁ በኋላም ደውሉለት።

ከአናጢው ጋር እስከ ዛሬ የድምፅ መልእክት እንላላካለን። ሁሌም የሚጀምረው «ጠማማ!» ብሎ ነው። ትናንት በላከልኝ ውስጥ ሁለት ቃል አልገባኝም። ዛሬ ማታ እጠይቀዋለሁ።